የሰዓዳ ዛፍ በካርቲየ 2

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሠፈር ሳልፍ ሰው አያለሁ ብዬ አልዋሽም፤ የማየው ግድግዳ ነው። በተለይ እዚህ ክሊም የምንለው ማቀዝቀዣ የተንጠለጠለበትን ግድግዳ። ከክሊሙ የሚወርደው ቀጭን ቱቦ የት ላይ እንደሚንጠባጠብ፣ ከሥሩ ባልዲ ይኑር ወይም ውሃው መንገድ ላይ ፈስሶ ይቅር ሳላይ ካለፍኩ ደስ አይለኝም። ጎረቤቴ «አስካለ፣ ሥራውን ለቀሽ እኮ» እያለች ትስቅብኛለች። እውነቷን ነው፤ ግን ልማድ በደብዳቤ አይሰናበትም።

የሠራሁበት የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ሲያሰናብተኝ አንድ ሽርጥና አንድ የአየር ማራገቢያ ቬንቲላተር ሰጠኝ። ዲሬክተሩ በፈረንሳይኛ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፤ ስለ ምድር ሙቀት ሁሉ አነሳ። እኔ ቬንቲላተሩን ታቅፌ አጨበጨብኩ። አሁን ድሬዳዋ ያለችው እህቴ በየቀኑ እየደወለች «ምን ትጠብቂያለሽ? ነይ እንጂ!» ትለኛለች። ጓዜን ጠቅልያለሁ፣ የባቡሩን ቲኬትም ቆርጫለሁ። የቸገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የሰዓዳን ዛፍ ለማን አደራ ብዬ ልሂድ?

ሰዓዳ ማን እንደሆነች ለመናገር ግን ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ።

ጅቡቲ የመጣሁት እንደ ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች ሰው ቤት ለመሥራት ነው። ሶማሊኛን ከገበያ፣ ፈረንሳይኛን ከማዳም ቁጣ ተማርኩ። የሠራሁባቸው ሰዎች ጠቅልለው ፈረንሳይ ሲገቡ ማኅበሩ ሁለቱንም ቋንቋ ከአማርኛ ጋር የምታውቅ ሴት ይፈልግ ነበርና ገባሁ። ደመወዙ ከቤት ሠራተኝነቱ ያን ያህል አይሻልም፤ ግን ማታ ማታ የምገባው ወደ ራሴ ቤት ነበር። የሥራው ስም በፈረንሳይኛ ሳንሲቢሊዛሲዮን ይባላል፤ ለሰው ግንዛቤ መስጠት እንደ ማለት። ቃሉን አፌ ላይ ለማስተካከል ብዙ ተሠቃየሁ።

«ተዪው ቃሉን» አለኝ አደር ሮብሌ። «በር ማንኳኳት ማለት ነው።»

ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ሁላችንም አደር እንለው ነበር፤ በሶማሊኛ አጎቴ እንደ ማለት ነው። በወጣትነቱ ባቡር ላይ ሲሠራ ድሬዳዋ ስለኖረ አማርኛው ከእኔ አያንስም፤ ስድቡ እንዲያውም ይበልጣል። እኔን ግን አንድም ቀን ሳይሰድበኝ «አባዮ» እንዳለኝ ኖረ። እህቴ ማለቱ ነው።

አደር ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ አይናገርም። ከተቀመጠ በኋላ መጀመሪያ የሚጠይቀው ውሃ ነው። ውሃው ከቧንቧ ይሁን ከበርሜል፣ ወይስ ከተገዛ ጠርሙስ፣ በዓይኑ ይከተላል። ከዚያ ይቀምሰዋል። የከተማችን የቧንቧ ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ እሱ ግን የዚህ ቤት ከዚያ ቤት የሚለይበትን በምላሱ ያውቀው ነበር። ጠጥቶ አይጨርስም። የተረፈችውን ይዞ ይወጣና በር ላይ ያገኘው ተክል ሥር ያፈሳታል። ተክል ከሌለ ተመልሶ «የማፈስበት አጣሁ» ብሎ ብርጭቆውን ለባለቤቲቱ ይሰጣታል። በሚቀጥለው ስንሄድ ቢያንስ በጣሳ የተተከለ ነገር እናገኛለን።

«የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለውን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ዕድሜዋ የገፋ ሴት ካገኘ «ልጅ ሆነሽ ጣሪያ ላይ ስትተኙ ብርድ ልብስ የምትለብሱት እስከ የትኛው ወር ነበር?» ይላታል። ሴትየዋ ታስባለች፣ እህቷን ትጠራለች፣ ይከራከራሉ። በመጨረሻ «አሁንማ ብርድ ልብስ ማን ያስታውሰዋል!» ብለው ራሳቸው ይነግሩናል። ስንወጣ ወደ እኔ ዞር ብሎ «እኛ የተናገርነው ነገር አለ?» ይለኛል። ምንም የለም።

ሰዓት ማወቅንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ጫት ከተማ ከገባ በኋላ ስብሰባ አይጠራም። አንድ አዲስ ዲሬክተር ይህን አልሰማም ብሎ የካርቲየ 4 ወንዶችን ከቀትር በኋላ ጠራ። ባነር ተሰቀለ፣ ለስላሳ ተደረደረ። የጫቱ መኪና ጥሩምባ ሲሰማ ተሰብሳቢው ይቅርና ተናጋሪው ራሱ ወጥቶ ሄደ። እኔና አደር ለስላሳውን ለሠፈሩ ልጆች አደልን።

ካርቲየ 4 ላይ የያዝነው የፌስታል ጉዳይ ነበር። በየምግብ ቤቱ እየዞርን ብንለምን ብንመክር የሚሰማን ጠፋ። አንድ ቀን ሐሊማ የምትባል ፍየል አርቢ ያሳረደቻት ፍየል ሆዷ ሲከፈት የፌስታል ድቡልቡል ወጣ። ሐሊማ አጥባ አደረቀችውና ይዛው በየምግብ ቤቱ ገባች። ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ «ይሄ የአንተ ነው?» ትላለች፣ ትወጣለች። የእኛ ሥራ ከኋላዋ እየተከተልን ዘንቢል ማስተዋወቅ ብቻ ሆነ። እንደዚያ ቀለል ብሎኝ የሠራሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

ከዚያ ወደ ፔካ 12 አዛወሩኝ። የአገራችን ከባድ መኪኖች የሚሰለፉበት መንገድ ነው። ሹፌሮቹ በመስኮት የሚጥሉት የውሃ ጠርሙስ ዳርና ዳሩን ሞልቶታል። በአማርኛ ስናገራቸው ደስ ይላቸዋል፤ መጣሉን ግን አይተዉም።

«እትዬ፣ ጅቡቲን ልታስጠርጊን ነው? እኛ እኮ ሹፌሮች ነን!»

«ጠርሙሱን ፍየል ይበላዋል፣ ፍየሏን አንተ ማታ ትበላታለህ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። አንዳንዱ ከወንበሩ ሥር ፌስታል አውጥቶ ያጠራቀመውን ይሰጠኛል።

አንድ ጠዋት ጆንያዬን ሞልቼ ስጎትት ከኋላዬ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ረጅም ልጅ ናት፤ ከእኔ በአንድ ጭንቅላት ትበልጣለች። የወንድ ጃኬት ለብሳለች፣ እግሯ አብጧል። ከብዙ ወጣቶች ጋር በእግር ነው የመጣችው፣ በጀልባ ወደ አረብ አገር ለመሻገር ወደ ባሕሩ ከሚሄዱት።

«እትዬ፣ አንዷን ስጪኝ በሞቴ» አለችኝ በወሎ ለዛ። «ውሃ የምይዝባት የለኝም።»

ጆንያዬን ከፈትኩት። እሷ አንድ መርጣ ስታነሳ ሌሎቹም መጡ። እኔ ቆሻሻ ብዬ የለቀምኩትን እነሱ እንደ ዕቃ ተካፈሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና አደር ደህና ደህናውን ጠርሙስ አጥበን፣ ውሃ ሞልተን፣ መንገድ ዳር ጥላ ፈልገን እንተወው ነበር። ዲሬክተሩ የሚሰበሰበው ጠርሙስ ለምን አነሰ ብሎ ሲቆጣ አደር «ፔካ 12 እየጸዳ ነዋ!» አለው።

ልጅቷ ሰዓዳ ነበረች። ያን ጊዜ ስሟን ለመጠየቅ እንኳ አልደረስኩም።

ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ሥራችን ነው፤ ካርቲየ 2 ውስጥ አንድ ሙሉ መንገድ ዛፍ ማልበስ። ኒም መረጥን፤ ሙቀትም ጨውም የሚችል ዛፍ ነው። በብርዱ ወራት የየቤቱን እመቤቶች ሰብስበን በየደጃቸው አስተከልናቸው። ለእያንዳንዱ ችግኝ የማዳሟ ስም በሰሌዳ ተጻፈ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ሳምቡሳ ተበላ። አደር በእጁ አፈሩን እየጠቀጠቀ ከበር በር ሲሄድ ሳየው በሕይወቴ ትልቅ ነገር የሠራሁ መሰለኝ።

አገር ቤት ክረምት በሚባለው ወራት እዚህ እሳት ነው። ካምሲን የምንለው ነፋስ ይነሳል፤ ፊት ላይ ሲመታ ዓይን አያስገልጥም። አቅም ያላቸው ቤቶች ሴቶቹና ልጆቹ ወደ አርታ፣ ወደ አሊ ሳቢህ፣ ወደ ድሬዳዋ ይሸሻሉ። ወንዶቹ ለሥራቸው ይቀራሉ። ማኅበራችንም ይዘጋል። እኔም እህቴ ጋ ሄድኩ።

ስመለስ መንገዱ ላይ የቆመው እንጨት ብቻ ነበር። አንድም የተረፈ የለም። ሰሌዳዎቹ ከነማዳሞቹ ስም እንዳሉ ናቸው፤ ከጎናቸው ያለውን እንጨት በጣቴ ስነካው ቀጭ ይላል። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድኩ መንገዱ ጥግ ካለው ቤት ስደርስ በሩ ተከፍቶ አንዲት ሠራተኛ ቆሻሻ ይዛ ወጣች። ቁመቷን አይቼ ለየኋት። የፔካ 12 ልጅ ናት።

ሰላምታውን እንኳ አልጨረስኩም። ተናድጄ ነበር።

«አንቺ እዚሁ እያለሽ እንዲህ እስኪሆን ዝም አልሽ?»

«ምን ላድርግ እትዬ? ዛፉ የማዳም ነው። ስሙ የሳቸው፣ ፎቶው የሳቸው። እሳቸው የሉ። ባላቸው ሙሴ ደግሞ ውሃ እንዳታባክኚ ብለውኛል።» ቆሻሻውን መሬት አስቀመጠችና «የተከላችሁ ቀን ሳምቡሳውን ያዞርኩት እኔ ነኝ» አለች። «አንቺም አንስተሻል። ቀና ብለሽ አላየሽኝም።»

ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል። እኔ ራሴ ስንት የሙቀት ወራት፣ ማዳም ከነልጆቿ ሄዳ፣ ለአንድ ወንድ ራት እያበሰልኩ ባዶ ቤት ጠብቄአለሁ! በዚህ ከተማ ሐምሌና ነሐሴን የሚያሳልፈው ማን እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ዛፉን ግን ለሚሄዱት ሰጥተን፣ የሚቀሩትን ሳምቡሳ አስዞርናቸው።

ለአደር ስነግረው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን አወለቀ። አላጽናናኝም። «ልጅቷ ማን ትባላለች?» አለኝ።

«ሰዓዳ» አልኩት፤ ስንለያይ ጠይቄያት ነበር።

«ነይ እንሂድ፣ ውሃ ትስጠን።»

ሰዓዳ ውሃ አመጣችለት፣ ቀመሰ፣ ፊቱን አጨማደደ። የዚያ ቤት ውሃ ጨዋማ ነበር። ሊነሳ ሲል ክሊሙ ሥር ያለው ባልዲ ላይ ዓይኑ አረፈ። ውሃው አላፊ አግዳሚው ላይ እየተንጠባጠበ ስላስቸገረ ነው ባልዲው የተቀመጠው፤ ሲሞላ ሰዓዳ ቦይ ውስጥ ትደፋዋለች። አደር ጣቱን ነከረና ምላሱ ላይ አደረገ። ደገመ። ከዚያ በሶማሊኛ የሆነ ነገር ብሎ መሳቅ ጀመረ፤ ሲስቅ ጥርሱ ማለቁን ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ጨው የለውም! አባዮ፣ ነይ ቅመሺ፣ ጨው የለውም!»

ሙቀቱ በጠነከረ ቁጥር ክሊም ይሠራል፣ ክሊም በሠራ ቁጥር ውሃ ይወርዳል። ለመጠጥ አይሆንም፤ ለዛፍ ግን ከቧንቧው ይሻላል። የማንም ማዳም ውሃዬን አባከናችሁብኝ ልትል አትችልም፤ የወደቀ ነው።

በሚቀጥለው የብርድ ወራት እንደገና ተከልን። በዚህ ጊዜ የሰበሰብነው የቤት ሠራተኞቹን ነው፤ ከቀትር በኋላ በሚያርፉበት ዓርብ። የወሎ፣ የሐረርጌ፣ የድሬዳዋ ልጆች፣ አንዳንዱ አማርኛ አንዳንዱ ኦሮምኛ እያወራ። አደር መሬት ላይ ተቀምጦ ያሳያቸዋል፤ ውሃው ፀሐይ ከወረደ በኋላ ይፈስሳል፣ ግንዱ ላይ ሳይሆን ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ። አፈሩ ላይ ጠጠር ይነጠፋል፣ እርጥበቱን እንዲይዝ። ዙሪያው ለፍየል እሾህ ይታጠራል። የቅጠሉ ዳር እንደተቃጠለ ወረቀት ከሆነ ጨው በዝቶበታል ማለት ነው፤ የክሊም ውሃ ብቻ ይሰጠው። ልጆቹ እየተሳሳቁ በየስማቸው ተከሉ።

ያን ዓመት ድሬዳዋ አልሄድኩም። ሙቀቱን እዚሁ አሳለፍኩት፣ ማታ ማታ መንገዱን እየዞርኩ። የተወሰኑት ዛፎች ደረቁ፤ ልጆቹ ቤት ለቀው ወይ እንዳይወጡ ተከልክለው። ብዙዎቹ ግን ጸኑ። የሰዓዳ ከሁሉም በልጦ ተመዘዘ።

በየዓርቡ ሄጄ አብሬያት እቀመጥ ነበር። ከዛፉ ጋር ቁመቷን ትለካለች። «ትከሻዬ ደረሰ!» ትላለች። ከዚያ «ጆሮዬ ጋ ነው!» ቀጥላም እየሳቀች «ሲበልጠኝ እሄዳለሁ» ትለኛለች። ቀልድ አይደለም፤ ለጀልባው ገንዘብ እያጠራቀመች ነበር። ሥራዬ ዛፍ ማሳደግ ነው፤ ያን ዛፍ ግን ባያድግ ብዬ ተመኝቻለሁ።

ማኅበሩ ሥራ እንዲሰጣት ዲሬክተሩን ለመንኩት። ቦታ የለም አለኝ። እሷንም ለመንኳት።

«ባሕሩ እኮ ቀልድ አይደለም ሰዓዳ። በስንቱ አለቀስን!»

«ሰው ቤት አርጅቼ ልቅር እትዬ? አንቺስ ወጥተሽ የለም እንዴ?»



በእኛ ሰው ልማድ ሠራተኛ ቤት ስትለቅ በምትኳ ሌላ ታመጣለች፤ ቤቱንም ታስረክባታለች። ስኳሩ የት እንዳለ፣ ሙሴ ሩዙን እንዴት እንደሚወድ፣ የትኛው በር እንደሚጣበቅ እያዞረች ታሳያታለች። ሰዓዳም የአገሯን ልጅ አምጥታ አስረከበች። ስሰናበታት ዛፉ ሥር ቆማ ነበር፤ ጫፉ ከራሷ በላይ ወጥቷል።

«ዛፌን አደራ» አለችኝ አንገቴን አቅፋ። «ስመጣ እጠይቃለሁ። ደርቆ ባገኘው ጉድሽ ይፈላል!»

ከዚያ በኋላ ድምፅዋን አልሰማሁም። ፔካ 12 ሄጄ ጠየቅሁ፣ ካርቲየ 4 የአገራችን ሰው የሚበላበት ምግብ ቤት ሁሉ ጠየቅሁ። አንዷ ጂዳ አየኋት አለች፣ ሌላዋ አላየሻትም አለቻት። አደር ጀልባዎቹ ከሚነሱበት ከኦቦክ ዘመዶቹን አስጠየቀልኝ። «ብዙ ልጅ ነው የሚያልፈው አባዮ» አለኝ፤ «በስም የሚያውቃቸው የለም።» በጣም ናፈቀችኝ። አሁንም ረጅም ልጅ ከሩቅ ሳይ ልቤ ይደነግጣል።

አደር አርጅቶ አሊ ሳቢህ ልጁ ጋ ገባ። ልጠይቀው ስሄድ አልጋ ላይ ነበር። ውሃ አስመጣ፣ ትንሽ ቀመሰና ብርጭቆውን ሰጠኝ። «የት እንደምታፈሺው ታውቂያለሽ» አለኝ። ግቢው ውስጥ ካለች አንዲት የሎሚ ችግኝ ሥር አፈሰስኩት። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላገኘሁትም። ዛሬ የሥራዬን ዘመን ሳስብ ደመወዙም ስብሰባውም አይመጣብኝም፤ እሱ ብርጭቆ ይዞ ከሰው ቤት ሲወጣ ነው የሚታየኝ።

እኔ ወደ ሌላ ሠፈር ተዛወርኩ፣ ጉልበቴም እያስቸገረኝ መጣ፤ ካርቲየ 2 የምደርሰው አልፎ አልፎ ሆነ። ካቆምናቸው ዛፎች አንዳንዱ ለቧንቧ፣ አንዳንዱ ለመኪና ማቆሚያ ተቆርጧል። ሊቆርጡ የሚመጡት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። መጀመሪያ «የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የሚመልስላቸው ካገኙ ይተዉታል፤ ዝም ከተባሉ ይቆርጡታል። የሰዓዳ ዛፍ አድጎ ጥጉን ሁሉ አጥልቷል። ቤቱ ግን ለሌላ ሰው ተከራይቷል፣ ከሚኖሩት አንድም የማውቀው የለም። ለእነዚያ ሰዎች የሚመልስላቸው እኔ ነበርኩ፣ እኔ ደግሞ መሄዴ ነው።

ትናንት ፀሐይዋ ስትበርድ ወደዚያ ሄድኩ። በሩን አንኳኩቼ ለሚከፍትልኝ ሰው ምን እንደምል እንኳ አላወቅሁም። መጀመሪያ ከዛፉ ሥር ቆምኩ። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ አንድ የደረቀ እንጨት አይቼ ልሰብረው እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«እማማ፣ እንዳይነኩት! ባለቤት አለው።»

አጠር ያለች ልጅ ናት፤ ባልዲ ይዛለች። ከክሊሙ ሥር ያነሳችው ነው። ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋ ዙሪያውን ቀስ ብላ አፈሰሰች።

«የማን ነው?» አልኳት።

«የሰዓዳ ነው።»

ግንዱን ያዝኩ። «ሰዓዳ ማን ናት?»

«እኔ አላውቃትም። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ስታስረክበኝ ነው የነገረችኝ። ለእሷም ከእሷ በፊት የነበረችው ነግራታለች። ስትመጣ ትጠይቃለች ነው የተባለው፣ ደርቆ ካገኘችው ጉድ ይፈላል።» ከዚያ ባልዲውን አስቀምጣ ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ። «እርስዎ ነዎት እንዴ ሰዓዳ?»



«አይደለሁም ልጄ» አልኳት። «እሷ ረዘም ያለች ናት። ስትመጣ ታውቂያታለሽ።»

ልጅቱም እሺ ብላ ባልዲውን ከክሊሙ ሥር መለሰችው።